በትዕግሥት የማይሞላ ቀን፦ ስለ አነስተኛ አማካሪ ድርጅቶች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ በሚገኙ አነስተኛ አማካሪ ድርጅቶች ለተቀጠሩ ወጣት ባለሙያዎች የተጻፈ አንድ ምክር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አምስት ወይም አሥር ሰው ባለበት ቢሮ ሁሉም ሁሉን ስለሚሠራ የሥራ መዘርዝር መጠየቅ ቢሮክራሲ ማብዛት ነው፤ አማካሪ ሰዓት አይቆጥርም፣ የሙያው ባሕርይ ነው፤ ደመወዝ የሚዘገየው ደንበኛ ክፍያ ስለሚያዘገይ ነው፣ መታገሥ ይገባል፤ ባለቤቱ ሁሉን ነገር «ልየው» ማለታቸው ለጥራት ካላቸው ጉጉት ነው፤ አስተዳደሩ የከበደው ሠራተኛ አለቃውን የመያዝ ዘዴ ይማር፤ ካልሆነለትም ድምፁን ሳያሰማ ይልቀቅ። ጸሐፊው ይህን የሚሉት በቅንነት እንደሆነ አጻጻፋቸው ይመሰክራል። ምክራቸው ግን ሠራተኛውንም ድርጅቱንም ይጎዳል። ለምን እንደሚጎዳ በየነጥቡ እናሳያለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አማካሪ ድርጅት መጋዘን የለውም፣ ማሽን የለውም። የሚሸጠው አንድ ነገር ነው፦ የባለሙያ ቀን። በዚህ ሙያ መጥፎ አስተዳደር ማለት በአብዛኛው የባለቤቱ ጠባይ አይደለም፤ ይህን ቀን ሳይቆጥሩ መሸጥ ነው። ሳይቆጠር የተሸጠው ቀን ከሆነ ቦታ መሞላት አለበት፤ የሚሞላውም ከሠራተኛው ሌሊትና እሁድ ነው። ጸሐፊው ትዕግሥት የሚሉት ነገር ይህን ጉድለት ከባለቤቱ ከራሳቸው ዓይን ይሰውረዋል፤ ስለዚህ የሚቀጥለውም ጨረታ በዚያው የተሳሳተ ዋጋ ይገባል።

«በትንሽ ቤት ሁሉም ሁሉን ይሠራል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በትልቅ ድርጅት ሦስት ዓመት ሙሉ ዳታ ሲያጸዳ የሚኖር ወጣት፣ በትንሹ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ቲኦአር (ደንበኛው የሥራውን ዓላማና ወሰን የሚገልጽበትን ሰነድ) ማንበብ፣ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ መስክ መምራትና ለደንበኛ ማቅረብ ይማራል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ማንም አይክደውም። ሁሉን መሥራት ግን አንድ ነገር ነው፤ ማን እንደሚወስን አለማወቅ ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል።

ትንሽ ቢሮ አሥራ ሁለት ገጽ የሥራ መዘርዝር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አራት ጥያቄ የሚመልስ ግማሽ ገጽ ነው። ለደንበኛው የጊዜና የሥራ መጠን ቃል የመግባት ሥልጣን ያለው ማነው? የመስክ ገንዘብ የሚያጸድቀው ማነው? ሪፖርት ከቢሮ እንዲወጣ የሚፈቅደው ማነው? ባለቤቱ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሲሆኑ እነዚህን ሦስቱን የሚተካቸው ማነው? አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሲረሳ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ስምንት መረጃ ሰብሳቢዎች ወረዳ ከተማ ሆቴል ውስጥ አበል እየተቆጠረላቸው ይቀመጣሉ፤ ሊደረስበት ባልተቻለ ቀበሌ ፋንታ ሌላ ቀበሌ መምረጥ የሚችል ሰው ግን የለም።

የሕጉም ነገር አለ። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያዛል። የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እየተባለ ስድስትና ሰባት ወር መሥራት በአዋጁ ቦታ የለውም።

ወጣቶች ብዙም የማያስተውሉት ወጥመድ ደግሞ የማዕረግ ስም ነው። በትንሽ ቢሮ ደመወዝ መጨመር ሲያቅት ስም ይጨመራል፦ ፕሮግራም ማናጀር፣ ኦፕሬሽን ማናጀር፣ ምክትል ዳይሬክተር። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሆነን ሰው ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ የትርፍ ሰዓቱና የሌላው ጥበቃ ነገር ይለወጣል። መለኪያው የቢዝነስ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን በእጅ ያለው ሥልጣን ነው፤ የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያዛውር፣ የሚያግድ፣ የሚያሰናብት ሰው ነው የሥራ መሪ። ክርክር በተነሣ ቀን ግን ያ ስም ከፊት ይመዘዛል። ስለዚህ «ማናጀር» የሚል ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ከስሙ ሥር ሥልጣኑ እንዲዘረዘር ይጠይቅ። መቅጠርና ማሰናበት የማይችል ከሆነ እንደማይችል ይጻፍለት።

«አማካሪ ሰዓት አይቆጥርም»

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ከሌላው ባለሙያ ሁሉ በላይ ቀን የሚቆጥር አማካሪ ነው። በፋይናንሻል ፕሮፖዛሉ ላይ «ቲም ሊደር 25 ቀን፣ የስታትስቲክስ ባለሙያ 18 ቀን» ብሎ ጽፎ፣ በዚያው ቁጥር ዋጋ ሰጥቶ ነው ሥራውን ያሸነፈው። ቆጠራው የሚቆመው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው።

አንድ የተለመደ ዓይነት ሥራ እንውሰድ። ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ለስሌት ነው፤ መጠናቸው ግን ለሙያው ሰው እንግዳ አይሆንም። በሦስት ወረዳዎች የሚካሄድ የቤተሰብ ጥናት፣ 384 መጠይቅ፣ 12 የቡድን ውይይት፣ አራት ወር፣ ዋጋ ከቫት በፊት 1,200,000 ብር። ባለቤቱ በጨረታው መዝጊያ ዋዜማ ሌሊት «60 የባለሙያ ቀን ይበቃል» ብለው አስገቡ። ለሥራው የተመደቡት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፤ ቀሪ ቀናቸው ለሌሎች ሁለት ሥራዎች ተሰጥቷል። እያንዳንዳቸው ለዚህኛው ያላቸው 30 ቀን ነው።

አሁን በእርጋታ እንቁጠረው። የመነሻ ሪፖርቱ ሰነድ ከማንበብ ጋር 8 ቀን ይወስዳል። መጠይቁን ማዘጋጀት፣ ወደ አማርኛና ወደ አካባቢው ቋንቋ መተርጎም፣ ኮቦ (በታብሌት መረጃ የሚሰበሰብበት ሶፍትዌር) ላይ መጫንና የመዝለያ ሕጎቹን፣ ማለትም የትኛው መልስ የትኛውን ጥያቄ እንደሚያሳልፍ፣ መፈተሽ 7 ቀን። የድጋፍ ደብዳቤ ከክልል ቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ማዞር፣ ሰው መመልመል፣ ሦስት ቀን ማሠልጠን፣ አንድ ቀን መስክ ላይ መሞከር፣ ስሕተቱን ማረም፦ 7 ቀን። መስኩ ራሱ ቀላል ስሌት ነው፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ መጠይቅ ከሆነ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ከቤት ቤት እየተጓዘ በቀን አምስት ይሞላል፤ ስምንት ሰው 40፤ 384 ለ40 ሲካፈል አሥር ቀን። ጉዞና ከወረዳ ወረዳ መዛወር 4 ቀን ሲጨመር 14፤ ሁለት ሱፐርቫይዘር ስላለ 28 የባለሙያ ቀን። ዳታ ማጽዳትና መተንተን 10 ቀን። የአንድ ሰዓት ተኩል የቡድን ውይይት ድምፅ ሰምቶ መጻፍና መተርጎም ሙሉ አንድ ቀን ይበላል፤ 12 ውይይት፣ 12 ቀን። ረቂቅ ሪፖርት 12፣ ከኮሜንት በኋላ ማረም 8፣ ማቅረቢያ 2።

ድምሩ 94 ነው። የተሸጠው 60።

ጎደሎው 34 ቀን፣ ማለትም 272 ሰዓት ነው። ወርሃዊ ደመወዙ 30,000 ብር የሆነ ባለሙያ፣ ወሩ 26 የሥራ ቀን ተብሎ ሲሰላ፣ የሰዓት ክፍያው 144 ብር ከ23 ሳንቲም ነው። በአዋጁ የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። ሁሉም ሰዓት በዝቅተኛው ተመን ቢታሰብ እንኳ 58,846 ብር ይሆናል። ጸሐፊው «የሙያው ባሕርይ» ብለው ያለፉት ገንዘብ ይህ ነው፤ ሠራተኞቹ ለድርጅቱ ሳያውቁት ያበደሩት፣ የማይመለስ ብድር።

ባለቤቱ ለመክፈል ቢስማሙም እንኳ ጊዜው አይበቃም። በአዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 136 ሰዓት ከ11 ሳምንት በላይ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ወይም የቀረ ሠራተኛ ሲተካ ነው፤ ለጨረታ የተሳሳተ ዋጋ ማካካሻ ይሁን አላለም። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ መሠራት እንዳለበትም ያስቀምጣል። ይህ ለሠራተኛው ተግባራዊ ትርጉም አለው፦ ምሽት 2 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ነገ ጠዋት ሳይገባ እንዳይቀር» የሚል መልእክት ከመጣ ያ ትዕዛዝ ነው፤ አይሰረዝ። በቃል ከታዘዘ ደግሞ «በታዘዝኩት መሠረት እስከ 5 ሰዓት ሠርቼ የሠንጠረዥ 4ን እርማት ልኬአለሁ» ብሎ በኢሜይል መመለስ ይበቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ነገሩ የሚብሰው ናሙናው ሲነካ ነው። 384 የሚለው ቁጥር የሚመጣው ከታወቀው ቀመር ነው፤ 95 በመቶ የመተማመን ደረጃ፣ 5 በመቶ የስሕተት ወሰን፣ የሚጠናው ነገር በግማሹ ሕዝብ ዘንድ አለ የሚል ግምት። ያ ቀመር ግን ሰዎች አንድ በአንድ በዕጣ ሲመረጡ ነው የሚሠራው። በቀበሌ እየተከፋፈለ ለሚመረጥ ናሙና ማስተካከያ ማባዣ ያስፈልገዋል። የደንበኛው ገምጋሚ በመነሻ ሪፖርቱ ላይ «ማባዣው 1.5 ይሁን፣ ለማይገኙ ሰዎችም 10 በመቶ ይጨመር» ቢሉ፣ ልክ ናቸው፤ 384 ወደ 576፣ ከዚያም ወደ 634 ያድጋል። መስኩ ከ10 ቀን ወደ 16 ይሄዳል። የባለሙያው ቀን በ12 ይጨምራል፣ ድምሩ 106 ይደርሳል። አሥር ሰው ለስድስት ተጨማሪ ቀን አበል ይበላል፣ ሁለት መኪና ለስድስት ተጨማሪ ቀን ይከራያል። መጥፎ አስተዳደር በግልጽ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ በስብሰባው ላይ «ችግር የለም፣ እናደርገዋለን» ብለው ይወጣሉ። ማለት የነበረባቸው «ሙያዊ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቲኦአሩ ያለው 384 ስለሆነ የዋጋና የጊዜ ማሻሻያ በሦስት ቀን ውስጥ እናቀርባለን» ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሠራተኛው ይህን በምን ይከላከላል? በቆጠራ። አንድ የኤክሴል ገጽ፣ አራት ዓምድ፦ ቀን፣ የሥራው ስም፣ ተግባሩ፣ የፈጀው መጠን በግማሽ ቀን ተቆጥሮ። በየዓርቡ አሥር ደቂቃ። ከላይ ባለው ሥራ ማስጠንቀቂያው የት ላይ እንደሚደወል አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፦ ለረቂቁ፣ ለእርማቱና ለማቅረቢያው 22 ቀን መቅረት ስላለበት፣ ከተሸጠው 60 ላይ ሲቀነስ 38 ይሆናል። ረቂቅ ሳይጀመር 38 ቀን ካለቀ ሥራው ኪሳራ ውስጥ ገብቷል። በኛ ስሌት ቡድኑ ከመስክ በሚመለስበት ቀን 50 አልቋል፤ ትንተናው ገና ነው። ይህን ቁጥር የያዘ ወረቀት በሁለተኛው ወር ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ከደንበኛው ጋር መነጋገር ይቻል ነበር። በአራተኛው ወር የሚቀረው መጨቃጨቅ ብቻ ነው።

«ደመወዝ የሚዘገየው ደንበኛ ስለሚያዘገይ ነው»

ደንበኛ ያዘገያል፣ እውነት ነው። የዘገየው ደመወዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ውሉ በሚፈረምበት ቀን ነው። በዚያው ምሳሌ እንቀጥል። ክፍያው 20 በመቶ የመነሻ ሪፖርት ሲጸድቅ፣ 40 በመቶ ረቂቁ ሲጸድቅ፣ 40 በመቶ በመጨረሻው ሪፖርት ነው እንበል። የመጀመሪያው ክፍያ 240,000 ብር ነው፤ በቅድሚያ የሚያዘው ግብርም ከዚያ ላይ ይቆረጣል። የመስኩ ወጪ ግን በእጅ በጥሬ የሚወጣ ነው። ስምንት መረጃ ሰብሳቢ፣ 14 ቀን፣ በቀን 1,500 ብር፦ 168,000። ሁለት ሱፐርቫይዘር በ2,000 ብር፦ 56,000። ሁለት መኪና በቀን 7,000 ብር፦ 196,000። ድምሩ 420,000 ብር። ጎደሎው 180,000 ብር ነው፤ ደመወዛቸው 30,000 የሆነ ስድስት ባለሙያዎች የአንድ ወር ደመወዝ። ደንበኛው በቀኑ ቢከፍል እንኳ ያ ወር ደመወዝ የለውም። ይህን ለማየት የሦስት ዓመት ልምድ አያስፈልግም፤ ከውሉ የክፍያ ገጽ አጠገብ የመስኩን በጀት ማስቀመጥ ይበቃል።

ማስተካከያውም የሚገኘው በውሉ ድርድር ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ 30 በመቶ ቢሆን ጎደሎው ወደ 60,000 ይወርዳል። ሁለተኛው ክፍያ ከረቂቁ ተነጥሎ «የመስክ ሥራው ተጠናቆ ጥሬ ዳታው ሲገባ» ከሚለው ጋር ቢያያዝ ገንዘቡ ሳምንታት ቀድሞ ይጠየቃል። አንዲት ቃልም ብዙ ትለውጣለች፤ «ሲጸድቅ» እና «ሲገባ» አንድ አይደሉም። «ሲጸድቅ» የሚለውን ደንበኛው አልቀይርም ካለ «በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ኮሜንት ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ ይጠየቅ። ክፍያ የሚጠየቀው በደብዳቤ ነው፤ ደረሰኙ የሚቆረጠው ክፍያው ሲዘጋጅ ይሁን። 480,000 ብር ሳይገባ ደረሰኝ የቆረጠ ድርጅት የዚያን 15 በመቶ ቫት፣ 72,000 ብር፣ ከደመወዝ ገንዘቡ ላይ ሊከፍል ይገደዳል።

ጸሐፊው «ታገሱ» ሲሉ ያልነገሩን ሌላ ነገር አለ። ደመወዝ በሚንገዳገድበት ቢሮ መጀመሪያ የሚቀረው ደመወዙ ሳይሆን ጡረታው ነው፣ ምክንያቱም የሚጮህለት የለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል። ለ30,000 ብር ደመወዝ በወር 2,100 እና 3,300፣ በጠቅላላው 5,400 ብር ነው። ፔሮሉ ላይ 2,100 ብር ተቀንሶ መታየቱ ገንዘቡ ገቢ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ በየስድስት ወሩ የጡረታ መለያ ቁጥርን ይዞ በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ የሚጠየቀው «መቼ ነው?» ብቻ አይሁን። ስንት ወር፣ ስንት ብር፣ ከየትኛው ክፍያ፣ በየትኛው ቀን ይሸፈናል፤ ይህ በአንድ አንቀጽ ተጽፎ ለሁሉም ይሰጥ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ለሁሉም በእኩል መቶኛ ይከፈል፤ ለሚጮኸው ሙሉ፣ ለዝምተኛው ባዶ መስጠት ቢሮን ያፈርሳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ እንደሚታገድ ማስታወስም ግድ ነው። አንድ ዓመት የታገሠ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ወራት መብት በትዕግሥቱ ሊያጣው ይችላል።

«ባለቤቱ ሁሉን የሚያዩት ለጥራት ነው»

ሪፖርት በባለቤቱ ዓይን ማለፉ ትክክል ነው፤ ፈቃዱ የወጣው በእሳቸው ስም ነው። ጥያቄው ምን ያያሉ፣ መቼ ያያሉ ነው። ጥራትን የሚወስነው ነገር ያለው መጀመሪያ ላይ ነው፦ የናሙናው ስሌት፣ የመጠይቁ ርዝመት፣ የቲኦአሩ ጥያቄዎች ከየትኛው ዳታ እንደሚመለሱ። ብዙ ባለቤቶች እዚያ ላይ ጊዜ የላቸውም፤ የሚመጡት በማስረከቢያው ዋዜማ፣ በድምፅ መልእክት፣ ስለ ሽፋኑ ቀለምና ስለ አንቀጽ አከፋፈል ነው። አራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ውስጥ ሦስት እርማት ይኖራል፤ ባለሙያው ደጋግሞ ሰምቶ አንዷን ይስታል፤ ያቺው ትመለሳለች። አንድ ተጨማሪ ዙር ሁለት ሰው ለሁለት ቀን ከያዘ አራት የባለሙያ ቀን ሄደ።

ሁለት ዙር ይበቃል። በመጀመሪያው ዙር የሚታየው ይዘት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የቲኦአር ጥያቄ ተመልሷል ወይ፣ የሠንጠረዦቹ ድምር ይገጥማል ወይ፣ ምክረ ሐሳቡ ከግኝቱ ይወጣል ወይ። በሁለተኛው ቋንቋና ቅርጽ። በሁለተኛው ዙር ይዘት የሚቀይር ኮሜንት ከመጣ የማስረከቢያው ቀን አብሮ ይቀየራል። ኮሜንት የሚሰጠው በሰነዱ ጠርዝ ላይ በጽሑፍ ነው፣ ባለቤቱም ለእያንዳንዱ ዙር ሦስት የሥራ ቀን ይኖራቸዋል። የፋይሉ ስም ሥራውን፣ የቅጂውን ቁጥርና ቀኑን ይያዝ፤ «ፋይናል»፣ «ፋይናል የመጨረሻ» እየተባለ የተጠራ ፋይል ውሎ አድሮ የተሳሳተው ቅጂ ለደንበኛ እንዲሄድ ያደርጋል።

«አለቃን መያዝ መማር ነው»

ይህ ነጥብ ብዙ አያከራክረንም። ሠራተኛውም ጥፋት አለበት፤ እሱም «እሺ» ነው። ለሦስት ሥራ በአንድ ቀን «እሺ» ያለ ባለሙያ ለባለቤቱ የሰጣቸው የተሳሳተ መረጃ ነው። ዘዴ የተባለው ነገር የባለቤቱን ስሜት መጠበቅ ከሆነ ግን አይረባም። የሚረባው ምርጫውን ከነዋጋው አቅርቦ ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጋሼ፣ የጤናው ረቂቅ 5 ቀን ይቀረዋል፣ ማስረከቢያው ዓርብ ነው። አዲሱ ፕሮፖዛል 6 ቀን ይፈልጋል፣ እሱም ዓርብ ይዘጋል። ያለን ሰው አንድ ነው። ፕሮፖዛሉን ከያዝኩ ለጤናው የአንድ ሳምንት ማራዘሚያ ዛሬ መጠየቅ አለበት። የትኛው ይቅደም?» አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ክስ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ባለቤቱን ወደ ቀን ቆጠራው ይመልሳቸዋል።

ፕሮፖዛልን ስናነሣ፣ አንድ ቴክኒካል ፕሮፖዛል 10 የባለሙያ ቀን ቢፈጅና ድርጅቱ ከአምስት አንዱን ቢያሸንፍ፣ እያንዳንዱ ድል 50 ቀን ያስወጣል። ያንን ወጪ የሚሸከም ሥራ ካልሆነ አለመጫረት ይሻላል። ባለቤቱ ይህን ስሌት ከሠራተኛቸው ቢሰሙ ክብራቸው አይነካም።

«ካልሆነ ዝም ብሎ መልቀቅ»

በጨዋነት መልቀቅ ተገቢ ነው፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሰው በሚቀጥለው ጨረታ ይገናኛል። ዝም ብሎ መጥፋት ግን ለሠራተኛው ውድ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ከ30 ቀን ደመወዙ የማይበልጥ ካሳ ሊጠየቅ፣ ያም ከቀሪ ክፍያው ላይ ሊያዝ ይችላል። አሠሪው እንደ ደመወዝ ያለ መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፣ ጊዜውም 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን ይጻፍበት። ፈቃደኛ የሚሆን ከሌለ በኢሜይልም ይላክ።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ጨርሰው ያላነሡት ጉዳይ ይመጣል፤ ሲቪው። ሰውየው ሄዶ ሲቪው ቢሮ ይቀራል፣ በሚቀጥሉት ጨረታዎችም ቁልፍ ባለሙያ ተብሎ ይገባል። የዓለም ባንክ በሚደግፋቸው ሥራዎች ቴክ-6 የተባለው የሲቪ ቅጽ ባለሙያው ራሱ ስለ እውነተኛነቱ የሚያረጋግጥበት ቦታ አለው፤ እያወቁ የተሳሳተ መረጃ ማቅረብም በባንኩ ደንብ ማጭበርበር ተብሎ ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ የሚለቅ ባለሙያ በመልቀቂያ ደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፦ «ከዚህ ቀን በኋላ ሲቪዬ በማንኛውም ጨረታ የሚገባው የሥራው ስም ተጠቅሶ በጽሑፍ ስፈቅድ ብቻ ነው።» ሥራ ላይ እያለም በእያንዳንዱ ሲቪ ላይ የጨረታውን ስምና ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ ባዶ ፊርማ ስካን አድርጎ ለቢሮ አይተው።

የርክክቡ ዝርዝር በክሊራንሱ ላይ ይያያዝ፦ የጥሬ ዳታው ቅጂና ያለበት ቦታ፣ የማጽጃና የትንተና ፋይሎቹ፣ የኮቦ መለያው ባለቤትነት ወደ ድርጅቱ መዛወሩ፣ ታብሌቶቹ በቁጥር፣ ያልተወራረደ የመስክ ቅድሚያ ክፍያ ከነደረሰኙ፣ ከየደንበኛው የሚጠበቀው ቀጣይ ነገር። በተለይ ያልተወራረደው ገንዘብ ችላ አይባል፤ የመጨረሻ ክፍያ ለመያዝ በተደጋጋሚ የሚነሣው ምክንያት እሱ ነው። አሠሪው ደግሞ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ደመወዙን፣ ያልተወሰደውን የዓመት ፈቃድ በገንዘብና ሌላውን ሁሉ መክፈል፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም የሠራውን ሥራ፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ሰባቱ ቀን ካለፈ የሥራ ክርክሩን የሚሰማው አካል እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስን ይችላል። በስምንተኛው ቀን የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ የቀረው ገንዘብ በዝርዝር፣ ክሊራንሱ የተፈረመበት ቀን፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን። መልስ ካልመጣ ደብዳቤውን፣ የሥራ ውሉን፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት የባንክ መግለጫና የዓርብ ዓርቡን የቀን መቁጠሪያ ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው።